የእህቴ የእጅ ጽሑፍ

እህቴ የከዋክብት ተመራማሪ ነበረች። ሰማይ በሚመረመርበት መሥሪያ ቤት ቀሚስ ለብሳ የገባች የመጀመሪያዋ ሳይንቲስት እሷ ናት፤ እኔ ደግሞ መጥረጊያ ይዤ የገባሁ። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። እናታችን የሰው ልብስ እያጠበች ሁለት ልጅ ማስተማር ሲያቅታት «ታላቂቱ ትማር፣ ጭንቅላት አላት» ተባለና እኔ ፊደል ሳልቆጥር ቀረሁ። ቅር አላለኝም ብል ውሸቴን ነው። ግን እትዬ ዲግሪዋን ይዛ ስትመጣ ከሰፈሩ ሁሉ አስበልጬ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። በኋላ በጽዳት ያስቀጠረችኝም እሷው ናት።

ሥራዋ እንዲህ ነው፦ ሰማዩን መስታወት ላይ ፎቶ ያነሱታል፤ ከዋክብቱ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው ይወጣሉ። እትዬ ቀኑን ሙሉ ማጉያ መነጽር ላይ አቀርቅራ ትውላለች። እየደበዘዘች መልሳ የምትደምቅ አንዲት ኮከብ ነበረች፤ እሷን ዘጠኝ ዓመት ተከታተለች። ያየችውን ሁሉ በመስታወቱ ጀርባ፣ ፎቶ በሌለበት በኩል፣ በቀለም ትጽፋለች። አግቢ ሲሏት «ኮከቧ ትቀናብኛለች» እያለች ታስቀን ነበር።

ምን ዋጋ አለው! ኮከቧ ለምን እንደምትደበዝዝ በደረሰችበት ዓመት፣ አለቃዋ «እስቲ ላንብበው» ብሎ ውጤቱን የጻፈችበትን ደብተር ወሰደና በራሱ ስም አሳተመው። ዓይን አውጣ! እትዬ አቤት አለች። መርማሪዎች ሊመጡ መሆኑን የሰማች ዕለት ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። «ደብተሩን ቢወስድም መስታወቶቼ አሉልኝ» አለችኝ። «ነገ እነሱን ያያሉ።»

እኔ ምን አውቃለሁ? የተከበሩ ሰዎች መጥተው የእህቴን መስታወት ዥጉርጉር ሆኖ ሊያዩት ነው አልኩ። በማለዳ ገብቼ፣ አርባ ሁለቱንም፣ ፎቶው ያለበትን ሳልነካ ጀርባቸውን በአልኮል ወለወልኩ። ኩልል አሉ። እሰይ አልኩ።

መርማሪዎቹ አንዱን አንስተው ወደ መስኮቱ ያዙት። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። «ታዲያ ጽሑፉ የታለ?» አሉ ከመካከላቸው ሽማግሌው። እትዬ ዞር ስትል በሩ ላይ ጨርቄን ይዤ ቆሜአለሁ። ያኔ ገባኝ።

«ማነው የነካው?» ብሎ ጮኸ አለቃዋ።

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ። «ላጸዳ ብዬ።»

ሳቁባት። ቀጣፊ ናት ብለው ፈርመው ሄዱ። እኔ አፌን ዘግቼ ቆሜ ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ እግሯ ሥር ወደቅሁ። «ተነሽ፣ ሰው ያየናል» አለችኝ። «ኮከቧ እንደሆነች የትም አትሄድም። አንቺን ግን ያባርሩሽ ነበር።» እሷ በዚያው ሰውዬ ሥር አሥራ ስድስት ዓመት አቀርቅራ ሠራች። አንድ ቀን አላነሳችብኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ እግዜር ያውቃል።

ባለፈው ወር ቀበርኳት። ከዚያ አዲሷ ኃላፊ ቢሮ ገባሁ፤ ገና ወጣት ናት። «ያቺ ኮከብ የእህቴ ናት፣ የሰውዬው አይደለችም» አልኳት። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ብዕሯን አነሳች።

«እማማ፣ ማስረጃ አላት? የጻፈችው ነገር?»

«ነበራት» አልኩ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ይህችን ቃል ከአፌ ለማውጣት እትዬ እስክትሞት ጠበቅሁ።