የሟቿን ግንባር ያልነካችው ልጅ

ኬዚያ ኦግደን በአንድ ሳምንት ሁለት ልጅ ቀብራለች። አንዱን ማክሰኞ፣ አንዷን ቅዳሜ። በመሀሉ ሥራ ገብታለች። «እንዴት ቻልሽው?» ሲሏት «ረቡዕ የሥራ ቀን ነዋ» አለች። የእንግሊዟ ብላክበርን ከተማ ሸማኔ ለቅሶውም ሰዓት አለው፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ነው።

የጨረሳቸው ቀይ ትኩሳት ነው። ጉሮሮ ይዘጋል፣ ገላ ያቀላል፣ ልጁን ይዞ ይሄዳል። በሰፈሩ ልጅ ሲሞት የመንገዱ ልጆች ሁሉ ተሰልፈው ገብተው ግንባሩን ይነካሉ። ያልነካ ልጅ ሟቹ በሕልሙ ይመጣበታል። የጤና ተቆጣጣሪው ቤቱን ሁሉ ኖራ እያስቀባ «ልጆቻችሁን ከሬሳ አርቁ» ሲል ከርሟል። ሰዉ ኖራውን ተቀበለ፤ ምክሩን ከባልዲው ጋር መለሰለት።

ኬዚያ ግን ቀን ቆጥራለች። ልጆቿ የጎረቤት ሟች ነክተው በአራተኛው ቀን ታመው ተኙ። ለማንም አልተናገረችም። የቀረቻት ሊዲ ናት፤ ያኔ ጡት ትጠባ ነበር፣ አሁን አምስት ዓመቷ ነው።

ብርዱ ሲገባ የሊዲ የጨዋታ ጓደኛ ፌቤ በዚያው ትኩሳት ሞተች። የፌቤ እናት ሰሊና ሆልት የኬዚያን ሁለት ልጆች በገዛ እጇ አጥባ የገነዘች ጎረቤት ናት። መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ሊዲን አምጫት እንጂ፣ ያልነካች እሷ ብቻ ቀረች።»

«አትመጣም።»

«ምን ማለት ነው አትመጣም?»

«ትኩሳቱ ይይዛታል።»

«የኖራውን ጌታ ሰምተሽ ነው? እሱ ግድግዳ ያስቀባል እንጂ ሬሳ ያጥባል? ያንቺን ማን አጠበልሽ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ የኔ ልጅ ምኗ ነው የሚያስጠይፈው?»

«ምኗም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ድንጋይ ነሽ!»

«ይሁና።»

በሩን ዘጋች። ከኋላዋ ሊዲ ቀሚሷን እየጎተተች «ፌቤ ጋ ልሂድ» ትላለች። ኬዚያ ለቅሶ ይመጣት እንደሆን ትንሽ ጠበቀች። ሲቀር ምድጃውን አጸዳች። ቀድሞውንም ንጹሕ ነበር።

ፋብሪካ ውስጥ የመሸመኛው ጩኸት ጆሮ ስለሚደፍን ሸማኔዎቹ የሚነጋገሩት አንዱ የሌላውን ከንፈር እያየ ነው። ስለዚህ ሰው ማኩረፍ ቀላል ነው፤ ጀርባ መስጠት ብቻ። ሰኞ ጠዋት እዚያው የምትሸምነው ሰሊና ለኬዚያ ጀርባዋን ሰጠች። እስከ ምሳ ድረስ ሁሉም ሰጡ።

ፌቤን ከነኩት ልጆች ሦስቱ ተቀበሩ። ኬዚያ «ብዬ ነበር» አላለችም። ብትልስ ማን አይቷት?

አምስት ዓመት ጀርባ ስታይ ኖረች። ሴቶቹን ከፊታቸው ይልቅ በሻርባቸው ጥለት ለይታ ታውቃቸዋለች።

ሊዲ አሥር ዓመት ሲሞላት ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት፣ ግማሽ ቀን ፋብሪካ ሆነና ከእናቷ ጎን ቆመች። በሦስተኛው ሳምንት የከንፈሩን ንግግር ያዘችው። ወደ እናቷ ዞራ አፏን በሰፊው ከፍታ፣ ያለ ድምፅ፣

«ምሳ ምንድን ነው?» አለቻት።

ኬዚያ መሸመኛዋን አላቆመችም።

«ድንች።»

«ዛሬም?»

«ዛሬም።»