ሶዶ ስንት ቀረ?

ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ በብስክሌት ስንጓዝ ስምንት ነበርን። የሶዶ ልጅ በመሆኔ መንገዱን አውቀዋለሁ። እቅጩን ስለምናገር ግን ጓደኞቼ እኔን ትተው፣ ሶዶ ስንት እንደቀረ የሚጠይቁት ያገኙትን መንገደኛ ነበር። «ደርሳችኋል፣ አይዟችሁ!» ይላቸዋል ሁሉም። በቆሎ የተሸከሙ አዛውንት እንዲሁ ሲሉ አላስቻለኝም።

«አባባ፣ ለምን ይዋሻሉ? ገና ግማሽ ቀን ይቀረናል!»

«ደክሟቸዋል እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

ተናድጄ ሄድኩ።

ሁምቦ ላይ ሙቀቱ ጨረሰን። ከዚያ እስከ ሶዶ ዳገት ነው። ከጓደኞቼ አንዷ፣ ከሁላችን ኋላ የቀረችው ነርስ፣ ቆሜ ስጠብቃት ብስክሌቷን እየገፋች ደረሰችብኝ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«አንተ አትዋሽም። ስንት ቀረን?»

ዳገቱን ቀና ብዬ አየሁት።

«ደርሰናል፣ አይዞሽ» አልኳት።