በጎታው ልክ የጠበቀ ሞላ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ጎታው» ሲባል ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት የገዛ ሚስቱ ናት፤ እሱም አንድ ቀን ተቀይሟት አያውቅም። ውፍረቱ ከሥራ አላስቀረውም። በሞተር ሳይክሉ ዕቃ ሲያደርስ የኖረ፣ የከተማውን ጉራንጉር አንድ ሳይቀር የሚያውቅ ሰው ነበር።

ሞተሯን የገዛት ጊዜ የኋላ ሞላዋ የተስተካከለው ለመካከለኛ ሰው ነበር። ጎታው ሲቀመጥባት እስከ መጨረሻው ትወርድና በየጉድጓዱ ብረት ከብረት ይጋጫል፤ ወገቡ ሊቀነጠስ ደረሰ። የሰፈሩ መካኒክ ሞላውን የያዘውን ቀለበት በመፍቻ እያዞረ አጠበቀለት። ያስቀምጠዋል፣ ምን ያህል እንደወረደች በሜትር ይለካል፣ እንደገና ያዞራል። በመጨረሻ ጎታው ሲቀመጥባት ትንሽ ዝቅ ብላ ቀጥ አለች። «ልብስ ሰፊ እንኳ ያቃተውን ልኬን ሞተሬ አወቀችው» ይል ነበር፣ ሰሚ ባገኘ ቁጥር። ማንም እንዳይነካበትም ቀለበቱ ላይ ቀይ ቀለም ቀባበት።

አምና ዳሌው ተሰበረ። ሞተር ጥሎት ቢሆን ባልከፋው፤ የጣለው ግን እርጥብ የቤቱ ደረጃ ነው። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ሞተር እርሳ» ሲለው ከአንገት በላይ እሺ አለና ቤቱ እንደገባ «ክረምቱ ይውጣ እንጂ እነዳለሁ» አለ። በግትርነት ከበቅሎ ጋር ቢወዳደር የምትሸነፈው በቅሎዋ ናት።

ሆድ ግን ክረምት ይውጣ ብሎ አይጠብቅም። ሥራውም ሞተሯም ወደ ሴት ልጁ ተላለፉ። ልጅቷ ቀጭን ናት፤ እናቷ «ነፋስ እንዳይወስድሽ ኪስሽ ውስጥ ድንጋይ ያዢ» እያለች ታሾፍባት ነበር። ሥራ በጀመረች በሳምንቱ ወገቧን ይዛ ገባች።

«አባዬ፣ ሞላው ጠንክሮብኛል። በየጉድጓዱ ታነጥረኛለች። ፍሬን ስይዝ ደግሞ የኋላ ጎማዋ መሬት ይለቃል።»

«ቀለበቱ አይነካም» አለ ጎታው። «ለሁለት ወር ብለን ልኬን እናጥፋ? ትለምጃታለሽ።»

ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ባንተ ልክ ልታሰፋት ነው?»

ጎታው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ቀለበቱ ከተፈታ መንዳቱ ያበቃለት እንደሆነ ልቡ ያውቀዋል፤ የፈራውም ይህንኑ ነበር። ልጅቷ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ስለ ሞላው ትንፍሽ አላለች። «ይኸው፣ ለመደችው» እያለ ሚስቱ ላይ ተመጻደቀ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ዝናብ መትቷት መጣች፤ ሞተሯን በረንዳው ሥር አቁማ ልብስ ልትቀይር ገባች። ጎታው ምርኩዙን ይዞ ሊወለውላት ወጣ። የመወልወያ ጨርቅ ፍለጋ የኋላውን የዕቃ ሳጥን ሲከፍት ውስጡ አንድ ከረጢት አገኘ። በአንድ እጁ ሊያነሳው ቢሞክር ወይ ፍንክች። አሸዋ ነው። እንዳይንቀሳቀስ በእሱ በአሮጌው ቀበቶ ተጠፍሯል። ቀና ሲል የፍሬን እጀታዋ ተጣሟል።

«ልጄ፣ ነይ እስቲ። ይሄ ምንድን ነው?»

ልጅቷ ፀጉሯን በፎጣ እያደረቀች መጣች። «አሸዋ ነው። ቀለበቱን አትንኩ ስላልክ። እሱን ስጭንበት ዝቅ ትላለች፣ አታነጥረኝም።»

«እጀታዋስ?»

«ዛሬ ኩርባው ላይ የፊት ጎማዋ ቀለለብኝና ወደቅሁ። ክርኔን ብቻ ነው የተጎዳሁት።»

ነገሩ ወዲያው ገባው። ሸክም ከኋላ ጎማ አልፎ ሲቀመጥ የፊቱ ይቀልላል፤ በእርጥብ መንገድ ላይ መሪ አይታዘዝም። ልጁ መኪና ሥር ልትገባ ትችል ነበር፣ ያውም እሱ ተቀምጦ ቀይ ቀለሙን ሲጠብቅ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ክረምቱ ሲወጣ እነዳለሁ ስትል ፊትህ ይበራል» አለችው።

አንጀቱን በላችው። ልጁ ከረመችው ዕቃ ስታደርስ ብቻ አልነበረም፤ የሌለውን የአባቷን ክብደት ከኋላዋ ጭና ስትዞር ነው የከረመችው። ሐፍረቱ ከዳሌው በላይ አመመው።

«መፍቻዬን አምጪልኝ» አለ።

በርጩማ አይመቸኝም ብሎ መሬት ላይ ዘጭ አለ። ቀለበቱ ለዓመታት ሳይነካ ኖሮ አልዞር አለው፤ በሁለት እጁ ሲጎትተው ቀይ ቀለሙ ተሰንጥቆ ረገፈ። ልጅቷ ትቀመጣለች፣ እናቷ ሞተሯን ቀጥ አድርጋ ትይዛለች፣ ጎታው በሚስቱ የስፌት ሜትር ይለካል፣ ደግሞ ያላላል። መጨረሻ ላይ ሞተሯ በልጅቷ ሥር ትንሽ ዝቅ ብላ ቀጥ አለች፤ ጥንት በእሱ ሥር እንዳለችው።

«ልኳ ነው» አለ።

እናትና ልጅ ደግፈው አነሱት። ለመቆም ብሎ ኮርቻው ላይ ሙሉ ክብደቱን ሲጥልበት ሞተሯ እስከ መጨረሻው ወረደችና ብረት ከብረት ተጋጨ። ሦስቱም ሰሙት። ጎታው እጁን ከኮርቻው አነሳና ምርኩዙን ያዘ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አሸዋውን ምን ላድርገው፣ አባዬ?»

«ደረጃው ያሟልጫል፣ እሱ ላይ በትኚው» አላት። «ከእንግዲህ በእግሬ ነው የምሄደው።»