እብጠቱና የቤቱ ግማሽ

ሰቆጣ ከባሌና ከእናቱ ጋር ስኖር ጡቴ ውስጥ እብጠት ወጣብኝ። አማቴ ገና ሐኪም ሳያየኝ «ነቀርሳ ነው፤ ይጋባል» ብላ መጠጫዬን ለየችው። ባሌም አንዲት ቃል ሳይከራከርልኝ ወደ አባቴ ቤት ወደ ጽጽቃ ሰደደኝ፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሴት አስገባ።

አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ መጥቶ ወሰደኝ። በራጅም በአልትራሳውንድም መለየት ስላልተቻለ ወደ ኤም አር አይ ተላክሁ። በደረቴ አስተኝተው ክንዴ ላይ ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት ወጉኝ። መሣሪያው እንደ መዶሻ ሲያንኳኳ የማስበው ሞትን ሳይሆን አማቴን ነበር። «አምላኬ፣ አድነኝና ልመለስባት» እያልኩ ጸለይኩ።

ሐኪሟ ምስሉን አሳየችኝ። «ክፉው ዓይነት ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን ፈጥኖ ይስብና ፈጥኖ ይለቀዋል። ያንቺ ግን ቀስ ብሎ ነው የተቀበለው፤ ጠርዙም ለስላሳ ነው። ነቀርሳ አይመስልም» አለችኝ። በመርፌ የተወሰደው ናሙናም ይህንኑ አረጋገጠ።

ሰቆጣ እንደተመለስኩ ፍቺና የቤቱን ድርሻዬን ልጠይቅ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌዎች መጥተው «ይቅር በይ፣ ልጄ» ሲሉኝ፣ «አባቶቼ፣ እናንተን አከብራለሁ፤ ቤቱን ግን እካፈላለሁ» አልኳቸው። ግማሹ ተፈረደልኝ። መሐሉ ላይ ግድግዳ አቁሜ ገባሁበት።

ከዚያ ወዲያ አማቴ ጠዋት ከወዲያኛው ግማሽ ስትወጣ ደጄ ላይ ቆሜ እጠብቃት ነበር። «እንዴት አደሩ፣ እማማ? እኔ በጣም ደህና ነኝ» እላታለሁ። አቀርቅራ ታልፋለች። የንስሐ አባቴ «ይህስ ኃጢአት ነው» አሉኝ። እኔ ግን እስክትሞት ድረስ አንድም ጠዋት አላስታጎልኩም።