ጓድ ቀጤማ

በደርግ ጊዜ ላሊበላ ውስጥ ሙታን አይነሡም ብሎ በአደባባይ ያስተማረ ሰው ቢፈለግ፣ አንዱ እኔ ነኝ። በዚያው ንግግር ሕዝብ ብድግ ብሎ እልል ያለለት ቢፈለግ ግን ከእኔ ሌላ የሚገኝ አይመስለኝም። ይህን ለዛሬ ወጣቶች ስነግራቸው አያምኑኝም፤ እውነታቸውን ነው፣ እኔም በዚያ ዕድሜዬ ታማኝ ሰው አልነበርኩም።

ወልድያ ተምሬ ስመለስ ይዤ የመጣሁት ዳስ የሚያህል አፍሮና ከውይይት ክበብ የለቃቀምኩትን የሶሻሊዝም ትምህርት ነበር። ትምህርቱ ከአፍሮው በጣም ያንስ ነበር። ቢሆንም ለአካባቢው ገበሬዎች የቅስቀሳ ኃላፊ ተባልኩና ካኪ ቆብ ተሰጠኝ። ቆቡ ከአፍሮዬ ጋር ስላልተስማማ ጠዋት ጠዋት በሁለት እጄ ወደ ታች እየተጫንኩ ነበር የማጠልቀው። አባቴ በሕይወት ሳሉ የድጓ መምህር ነበሩ፤ ይህን ሳያዩ ማለፋቸውን እናቴ ከእግዜር ቸርነት ትቆጥረው ነበር።

ቤታችን ውስጥ እናቴ፣ እኔና ታላቅ እኅቴ ነበርን። እኅቴ ባሏ ለሰፈራ ተጭኖ ከሄደ ወዲህ ሕፃን ልጇን ይዛ እኛ ዘንድ ገብታ ነበር። ልጅቷ ቆቤን ካገኘች እስከ አፍንጫዋ ትደፋውና «ሁላችሁም ዝም በሉ! ጓድ ይናገራል!» እያለች ታዘናለች። የምትናገረው ነገር አልነበራትም፤ ዝም ካሰኘችን በኋላ ራሷም ዝም ትላለች። በእኔ ስብሰባም የሚሆነው ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም። እንዳትደርስበት ቆቡን ከምሰሶው ላይ ከፍ አድርጌ እሰቅለዋለሁ፤ እሷ በርጩማ ጎትታ ታወርደዋለች።

በዚያ ክፉ የድርቅ ዓመት ጥር ላይ ትኩሳት ያዛትና ሳምንት ሳይሞላት ሞተች። ሆዷ እህል አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ትኩሳቱን ትችለው ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማናችንም አልተናገርነውም።

እኅቴ ከቀብር መልስ መደቡ ላይ ተኛችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንደዚያው ቀረች። እናቴ የእርዳታውን ስንዴ በሶ አድርጋ በጥብጣ ትለምናታለች፤ አንድ ጉንጭ ቀምሳ መልሳ ትዞራለች። እጇ እያየነው ቀጠነ። እናቴ ደጅ ታስወጣኝና እኅቴ ካልተነሣች ክረምት ሳይገባ ሌላ መቃብር እንደምንቆፍር ትነግረኝ ነበር። እኔ ሰፊውን ሕዝብ አነሣሣለሁ የምል ሰው፣ አንዲት እኅቴን ከመደብ ማንሣት አቃተኝ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሞት የተፈጥሮ ሕግ መሆኑን አስረድቻት አውቃለሁ። አሁን ሳስበው በርጩማውን አንሥታ አለመወርወሯ ይገርመኛል።

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ደረሰ። በዚያ ቀን ጠዋት ካህናት ትንሣኤውን ለማብሠር ቀጤማ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ፤ ሰውም ከራሱ ላይ አስሮት ይውላል። በዚያ ዓመት ቀጤማውም ተቸግሮ ነበር። ምንጩ ሁሉ ስለደረቀ ነአኩቶ ለአብ ገዳም አጠገብ ካለች አንዲት ረግረግ ሄደው አምጥተው፣ ለየሰዉ አንዳንድ ቀጭን ዘለላ ብቻ ደረሰው።

የንስሐ አባታችን ደወላቸውን እያቃጨሉ ሲመጡ እኔ ደጃፍ ላይ ጫማዬን እየወለወልኩ ነበር። ቀጤማውን ወደ ራሴ ሲዘረጉ ስብሰባ እንዳለብኝ ነግሬያቸው ጎንበስ ብዬ አመለጥኳቸው። ትከሻዬን መታ አድርገው ወደ ውስጥ ገቡ። ከውስጥ የእኅቴን ድምፅ ሰማሁ።

«ለእኔ ፋሲካ የለኝም፣ አባቴ። ይዘውት ይሂዱ።»

አልተቆጧትም። ቀጤማውን ለእናቴ ሰጥተው ወጡ። እኔ ጫማዬን ጨርሼ ስገባ እናቴ ቆቤን በእጇ ይዛ ጠበቀችኝ። አቧራውን አራግፌልሃለሁ አለችና ራሷ አጠለቀችልኝ። የአብዮቱን ቆብ በመሃረብ እንኳ የማትነካ ሴት ነበረች፤ እኔ ግን ጊዜው እናቴንም ለወጣት ብዬ ደስ አለኝ።

ስብሰባው ከገበያው ዳር ወይራ ሥር ነበር። በዋዜማው ቀን ሰው መሰብሰብ የማን ሐሳብ እንደነበረ አልደብቅም፣ የእኔ ነበር። ከኮን ከተማ የሚመጣ አንድ የበላይ ጓድ ስናገር እንዲሰማኝ ብዬ ነበር ቀኑን የመረጥኩት። ሰውዬው መኪናው ተበላሽቶበት መንገድ ላይ ጋሸና መቅረቱ ተሰማ። ያን ጊዜ ሕዝቡን በደኅና ግቡ ብዬ ማሰናበት ይገባኝ ነበር፤ ግን ለንግግሬ ሳሳሁለት። ከፊቴ የተቀመጡት ገበሬዎች አብዛኞቹ ከዐርብ ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ከፊሎቹ አክፋይ ስለሆኑ፣ ከፊሎቹ ስለሌላቸው። ሁሉም ያቺን ቀጭን ቀጤማ አስረዋል።

ቀጤማውን ሳይ ለንግግሬ ምሳሌ ያገኘሁ መሰለኝ። ከራሳችሁ ያሰራችሁት ሣር ነው አልኳቸው። ሣር ነገ ይደርቃል፣ የደረቀ አይለመልምም፣ የሞተም አይነሣም፤ አውቆ መኖር ይሻላል። ፀሐዩ በርትቶ ነበርና ላቤን ልጠርግ «የሞተ አይነሣም» እያልኩ ቆቤን ከራሴ ላይ አነሣሁ።

ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች። ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ፣ ሌላውም ተከተለ፣ ያማተቡም ነበሩ። እኔ ሳይንስ ልባቸው ውስጥ ገባ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ካላመለከተ ያጨበጨበልኝ ሰው አልነበረም። ሙቀቱን አመካኝቼ ቆቡን በእጄ እንደያዝኩ፣ ለሁሉም እያወዛወዝኩ ወደ ቤት ተጓዝኩ። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ዝቅ ብሎ እንኳን አደረሰህ ይለኛል፤ እኔም በትሕትና እንኳን አብሮ አደረሰን እላለሁ። አንዲት አሮጊት ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ከለከልኳቸው፤ ጓዶች እኩል ናቸው ብዬ።

ቤት ስገባ በሩ ላይ ቆሜ ለእናቴ ድሉን አወራላት ጀመር። እንዴት እንደተነሡ፣ እንዴት እልል እንዳሉ፣ የላስታ ገበሬ ወደ ኋላ የቀረ ነው የሚሉ እንዴት እንደተሳሳቱ። እናቴ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬቱን ታያለች። መደቡ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። እኅቴ ወሬዬ ሰልችቷት ይሁን አላውቅም፣ ዞረች። አየችኝና ሳቀች።

ከጥር ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፣ ጎኗን ይዛ ሳቀች፣ እንባዋ ወረደ። በጣቷ ራሴን ስታሳየኝ ነው እጄን የሰደድኩት። አፍሮዬ ውስጥ፣ በዙሪያው፣ ሁለት ዘለላ የተጎነጎነ ቀጤማ እንደ አክሊል ተቀምጧል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ ራስ አልተመለጠም እንጂ የለበሰውን ሳያውቅ አገር አዳርሷል።

ለእናቴ ዞሬ ምን አድርገሽኝ ነው አልኩ። አልደነገጠችም። ከቆቡ ውስጥ በገበሩ ዙሪያ አስገብታው እንደነበር ነገረችኝ፤ አንዱ የእኔው ድርሻ ነው፣ ሌላው የእኅቴ። የተባረከ ነገር አይጣልም፣ አንተም ባዶ ራስህን አትወጣም አለች። ባዶ ራስ ያለችውን አውቃ ይሁን ሳታውቅ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ሕዝቡ እልል ያለው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በኋላ እንደሰማሁት፣ አፉን መንግሥት ቢይዘው ራሱን እግዜር አልለቀቀውም ተብሎልኛል። ጓድ ቀጤማ የሚለው ስምም በዚያው ወጣልኝ።

እኅቴ ሳቋ ሲበርድላት በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። ፊቷን አጠገቤ በብርሃን ያየሁት ከወራት በኋላ ነበር፤ ጉንጯ ገብቷል፣ ዓይኗ ሰፍቷል። ፈራሁ።

«ወንድሜ» አለችኝ። «የንስሐ አባታችንን ብጠይቃቸው ትነሣለች ይሉኛል፤ ሥራቸው ነው። እማማም ትነሣለች ትለኛለች፤ እናቴ ናት። አንተ ለእኔ ብለህ አትዋሽም። ልጄ ትነሣለች?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ገና አሁን ወይራው ሥር ተናግሬው መጥቻለሁ። አፌን ከፈትኩ።

«ትነሣለች» አልኩ።

ማን እንደተናገረ ለማየት ወደ ኋላዬ ብዞር ደስ ባለኝ። ድምፁ የእኔ ነበር፤ ደግሞም ሳወራ እንደለመድኩት አልጮኸም። እኅቴ ትክ ብላ አየችኝ።

«ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ እትዬ። ግን ትነሣለች።»

ይህ ከአንድ የቅስቀሳ ኃላፊ አይጠበቅም። ማስረጃ የለው፣ ማብራሪያ የለው። በዚያች ሰዓት ግን ከራሴ እስከ እግሬ የምፈልገው ነገር ይኸው ብቻ መሆኑን አወቅሁ፤ ልጅቷ ተነሥታ ዝም በሉ እንድትለን። እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩላትም ነበር። በሁለቱ ሴቶች ፊት ቀጤማ ደፍቼ ቆሜ አለቀስኩ።

እኅቴ ጠብቃኝ ጠብቃኝ «በል የእኔን ስጠኝ» አለች። ከአፍሮዬ ውስጥ ለመፍታት ብዙ ታገልን፤ የእሷ ሲወጣ ከእኔ ጸጉር ጥቂት ይዞ ወጣ። ግንባሯ ላይ አሰርኩላት። እንጨት እንጂ ሰው አስሬ ስለማላውቅ አጠበቅሁትና ተቆጣችኝ። ቁጣዋ ራሱ ደስ አለኝ። ከዚያ ውኃ ጠየቀች፤ እናቴ ልትጠጣ ነው ብላ በዋንጫ ብታመጣላት ፊቷን ታጠበችበት። ነጠላዬን ስጡኝ፣ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ አለች።

እግሯ አልጸና ስላለ ደግፎ የሚወስዳት ሰው ያስፈልግ ነበር። የምሄደው ለእግሯ ብዬ ነው አልኳቸው። እናቴ እሺ አለች፣ እኅቴም እሺ አለች፤ እንደዚያ ቀን ሁለቱም በአንድ ቃል የታዘዙኝ ጊዜ የለም።

ከመውጣታችን በፊት ቆቤን አነሣሁ። እጄ እንደ ልማዱ ወደ ምሰሶው ሄደ። ከዚያ መለስ አደረግኩትና መደቡ ጫፍ ላይ፣ ልጅቷ በርጩማ ሳትጎትት ልትደርስበት የምትችል ቦታ አኖርኩት። እናቴ አየችኝና በሩን ከፈተችልን።