ፀሐይ ያጣች ኤሊ

የልጅ ልጄ ትንሿን ኤሊዋን ከነሳፋዋ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠቻት። የኤሊዋ ዐይኖች አብጠው ተከድነዋል። ቅርፊቷን በአውራ ጣቴ ጫን ባደርገው ስርጉድ አለ፤ የቆየ ውኃ ሽታም አፍንጫዬን መታኝ። እንዲህ ያለ ቅርፊት ልጅ ሳለሁ ነክቼ አውቃለሁ።

በጣሊያን ጊዜ፣ ልደታ ማርያም ጀርባ በነበረው ቤታችን፣ ጣሊያን የሚፈልገው አባቴ ጓዳ ተደብቆ ነበር። ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ግልገል ኤሊዬን ከነውኃ ሳፋዋ እሱ ዘንድ አኖርኳት። አንድ ቀን አክስቴ ቅርፊቷን ዳሰስ አደረጉና ፊታቸው ተለወጠ።

«ፀሐይ አጥታ ነው እንዲህ የለሰለሰችው። ጨለማ ውስጥ ያደገች ኤሊ ቅርፊቷ አይጠናም። ጠዋት ጠዋት ከስጡ አጠገብ አውጫት፤ ጎመንም ስጫት።»

«አባባስ?» አልኳቸው።

አፌን በመዳፋቸው ከደኑት።

በማግስቱ ኤሊዋን አጠገቤ አስቀምጬ የተሰጣውን ስንዴ ከዶሮ ስጠብቅ፣ አንድ ባንዳ ጠመንጃውን እንዳነገተ ግቢያችን ገባ። አነሳትና ቅርፊቷን በአውራ ጣቱ ተጫነው።

«ምን ሆና ነው?» አለኝ።

ፀሐይ አጥታ ነው ብዬ ብመልስለት፣ የት ነበረች ብሎ ይጠይቀኛል። ዞሬ ዶሮዎቹን ከስንዴው አባረርኩ።

አክስቴ ከቤት ብቅ አሉ። «ውኃዋን ሳትቀይርላት ቀርታ ነው ጌታዬ፤ ሰነፍ ናት!» ብለው በጥፊ አጮሉኝ።

ባንዳው ግን ኤሊዋን አላስቀመጣትም። እንደያዛት በተከፈተው በር አሻግሮ ወደ ጓዳው ተመለከተ።

«አያቴ፣ ምን ሆና ነው?» አለችኝ የልጅ ልጄ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። መጀመሪያ ግን ያ ባንዳ ዛሬም የቆመ ይመስል ዞር ብዬ በሩን አየሁ።