ያልታረደ ዓሣ

ሁመድ ጎሚስታ በጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ጎማ ሲነፋ የኖረ ሰው ነው። ከጎማው ሆድ ከመነዳሪውን ያወጣል፣ ውኃ በሞላው በርሜል ይነክረዋል፣ አረፋ የሚወጣበትን ፈልጎ በጣቱ ይይዛል፣ ይለጥፋል። ፍልስፍናውም ይህችው ናት። "የማያፈስ ነገር የለም፤ ያልተነከረ ነገር ነው ያለው" ይላል። ድርሳን የሚያህል ጥራዝ አሳትመው ይህችን ያህል ያልተናገሩ ሊቃውንት አውቃለሁ።

ሌላም ሥራ ነበረው፤ የማይከፈልበት። የሰፈሩ ሙስሊም ሴቶች ባል ከቤት በሌለ ቀን ዶሯቸውን ታቅፈው ወደ ጎማ ቤቱ ይመጣሉ። "ሁመዶ፣ እስቲ ቶሎ በልልኝ፣ ሽንኩርቱ አረረ!" ይሉታል። እሱም እጁን ታጥቦ፣ ዶሮዋን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አዙሮ፣ ቢስሚላህ ብሎ ይገላግላታል። እጁ ከመልመዱ የተነሳ ወሬውን ሳያቋርጥ ነበር የሚያርደው።

አናጢው ጴጥሮስ የግድግዳ ጎረቤቱ ነው። ግድግዳ ስል ቆርቆሮ ማለቴ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው "ይማርህ" የሚልበት። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአንድ ትሪ በልተዋል። ሥጋ ላይ ሲደርሱ ግን የማይታረቅ ቅራኔ ነበራቸው። በሬ በሕይወቱ ሳለ ሃይማኖት የለውም፤ ቢላዋ ሲያገኘው ነው የሚጠመቀው ወይም የሚሰልመው። ስለዚህ በዓል ሲመጣ ሁመድ ለጴጥሮስ፣ ጴጥሮስም ለሁመድ ዶሮ ይላላካሉ፤ ግን ከነነፍሷ። አራጁ ራሱ ተቀባዩ ነው። ሰፊው ሕዝብ ተቻችሎ ይኖራል እያሉ በየስብሰባው የሚያጨበጭቡ ሰዎች፣ ይህ መቻቻል እግሯ በታሰረ ዶሮ ላይ መቆሙን የሚያውቁ አይመስለኝም።

ዓሣ ግን አይታረድም። ቢላዋ አንገቱን ስለማያውቀው የማንም ወገን አይደለም። ሁለቱ ሰዎች በዓለም ላይ ከአንድ ትሪ ሊበሉት የሚችሉት ሥጋ ይህ ብቻ ነበር።

ለዚህ ሲሉ በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ወደ መልካ ቁንጥሬ ይወርዳሉ። በጥር አዋሽ ደለሉን አራግፎ፣ ቁጣውን ረስቶ፣ እንደ ተኛ ሰው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። ሁለት የጭነት መኪና ከመነዳሪ ከሁመድ፣ ሳንቃውና ሁለት መቅዘፊያ ከጴጥሮስ፤ ታሰረና ጀልባ ተባለ። ሳንቃውንና መቅዘፊያውን የሚያስቀምጥላቸው ወንዙ ዳር የሚያርሰው ሚደቅሳ ነው። ጴጥሮስ በግራ፣ ሁመድ በቀኝ ይቀዝፋሉ፤ መንጠቋቸውን ጥለው ሲጠብቁ ይብራ የሚባሉት የዱር ዳክዬዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በአጠገባቸው ያልፋሉ። ጀርባዋ ሰማያዊ የሆነች አንዲት ትንሽ ወፍም ነበረች፤ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ቁልቁል ስታፈጥ ትቆይና በድንገት ወርዳ ዓሣ ትነጥቃለች። ጴጥሮስ "ገምጋሚዋ" ብሏታል።

"ዝም ብላ ታይሃለች፣ ታይሃለች፣ ከዚያ አለቀልህ" ይላል።

"አንተንስ የት አግኝታ ትገመግምሃለች? ሥራህን ያየ የለም" ይለዋል ሁመድ።

በ2002 ዓ.ም. ጥር ግን ሌላ ነገር መጣ። የሰፈሩ በሮች በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈባቸው። ልማት መጥቷል ተባለ፤ እኛ ደግሞ ጥፋት ሆነን ኖረናል ማለት ነው። ጴጥሮስ ዕጣ ደርሶት ከከተማው ጫፍ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁመድ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ። በዚያ ላይ የጴጥሮስ ደረት ታሟል፤ የሠላሳ ዓመት የእንጨት ብናኝ ገብቶበታል። ሁመድ ሌሊት በቆርቆሮው በኩል ያዳምጠው ነበር።

"ይሄ ደረት ነፋስ ያፈሳል" አለው አንድ ቀን።

"ለጥፈዋ፣ ጎሚስታ አይደለህ?"

"በርሜሌ ውስጥ አትገባልኝም እንጂ!"

ሐኪሞቹ ግን አልቀለዱም። የነፍስ አባቱም መክረው በገና በዓል ከሚስቱ ከመሰለች ጋር አቆርበውት ነበር። ስለዚህ ሁመድ ለዚያ ጥር የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይበተኑ፣ ያም ደረት ጨርሶ ሳይፈስ፣ ከአንድ ትሪ አንዴ መብላት።

ወረዱ። ጴጥሮስ መቅዘፍ አቅቶት ግራር ሥር ጋደም አለ። ሁመድ ከዳር ሆኖ መንጠቆውን ጣለ፤ ረፋዱ ላይ ክንድ የሚያህል አምባዛ ያዘ። ቅርፊት የለውም ብለው የሚተዉት ቢኖሩም እነሱ ዘንድ ዓሣ ሁሉ ዓሣ ነበር፤ በሃያ ዓመትም እንዲህ ያለ አልያዙም። አምባዛ ደግሞ ከውኃ ወጥቶ ቶሎ የሚሞት ዓሣ አይደለም። ጭቃው ላይ ይገለባበጣል፣ አፉን ይከፍታል፣ ይተነፍሳል፤ ትንፋሹም ልክ በቆርቆሮው በኩል እንደሚሰማው ዓይነት ነበር። ሁመድ አላስቻለውም። ቢላዋውን አወጣ። የቀረውን እጁ ሠራው፤ የዓሣውን ራስ ወደ ቂብላ አዞረው፣ "ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር።"

ጴጥሮስ በክንዱ ተደግፎ ቀና ብሎ ነበር።

"ምን አደረግክ?"

"አሳዘነኝ፤ ገላገልኩት።"

"ብለሃል?"

"አንተ ደግሞ፣ ዓሣ እኮ ነው!"

"ሁመድ፣ ብለሃል ወይስ አላልክም?"

ሁመድ ቢላዋውን አየው። "ብያለሁ" አለ።

ጴጥሮስ ሳቀ። "አሰለምከው በለኛ!" ብሎ እስኪያስለው ሳቀ፤ ሳሉ ሳቁን ዋጠው። ሲበርድለት እንዲህ አለ፦

"አምና ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ እበላልህ ነበር፣ በናቴ ስም። አሁን ግን ቆርቤያለሁ። መሰለችም በእኔ ሰበብ ቆርባለች። በስተመጨረሻ ፈጣሪ ፊት ምን ብዬ..."

"እኔ ደንቆሮ" አለ ሁመድ።

"ደንቆሮስ ነህ። ጣለው መንጠቆውን፣ ገና ቀን ነው።"

ጣለ። ፀሐይ ከአናታቸው ወርዳ ከወንዙ ማዶ እስክትደርስ ጣለ። አንድም አልነካውም። ሰማያዊዋ ወፍ በዓይናቸው ፊት ሦስት ያዘች፤ ጴጥሮስም "ግምገማው ላይ ወድቀናል" አለ። የታረደውን ዓሣ ሁመድ ለሚደቅሳ ሰጠው። ሚደቅሳ ነገሩን ሲሰማ አንዴ ዓሣውን፣ አንዴ እነሱን አየና "እናንተ የከተማ ሰዎች በዓሣም ትጣላላችሁ?" አለ። የመጨረሻው ሚኒባስ ላይ ጴጥሮስ ራሱን መስኮቱ ላይ ጥሎ፣ "ለሚመጣው ጥር አፍህን ለጉመህ ነው የምትመጣው" አለው።

ሰፈሩ በሚያዝያ ፈረሰ። ያቺ ሲያስነጥሱባት የኖሩት ቆርቆሮ ለብቻዋ ቆማ ሁለት ቀን አደረች፤ ግራና ቀኟ ሜዳ ሆኖ። አራት ፎቅ መውጣት ለሚያፈስ ደረት ምን እንደሚያደርግ ዕጣውን ያወጣው ሰው አልተጠየቀም። ጴጥሮስ በሰኔ ሞተ። በአርባው ተዝካር ሁመድ ድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ አንድ ደግ አስተናጋጅ ክንዱን ይዞ፣ "የእስላም በዚህ በኩል ነው ጋሼ" ብሎ ከጥግ አስቀመጠው። ምስር ቀረበለት። ሁመድን የገደለው የሰውየው ደግነት ነው።

ጥር ሲመጣ ሁመድ ከመነዳሪዎቹን ተሸክሞ ብቻውን ወረደ። ሚደቅሳ ሳንቃውንና ሁለቱንም መቅዘፊያ አመጣለት፤ ስለ ሁለተኛው ቀዛፊ አልጠየቀም። ሁመድ በቀኝ በኩል፣ እንደ ልማዱ ተቀምጦ ቀዘፈ። በአንድ ወገን ብቻ የምትቀዘፍ ጀልባ ደግሞ ወደፊት አትሄድም፤ እዚያው ትዞራለች። ይብራዎቹ ሸሽተው ከማዶ ሆነው አዩት። ሲደክመው ከዳር ወጥቶ መንጠቆውን ጣለ።

እኩለ ቀን ላይ አምባዛ ያዘ፤ ከአምናው ያንሳል። ከውኃው ራቅ አድርጎ ቅጠል ላይ አጋደመውና እጆቹን ጉልበቱ መሃል አጣምሮ አጠገቡ ቁጭ አለ። ዓሣው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ሁመድ ፊቱን አላዞረም።

ሚደቅሳ መጥቶ ቆመ። "ለምን አትገላግለውም? ቢላዋ ላምጣልህ?"

"አይታረድም።"

"ቀን ሙሉ ልትቀመጥ ነው?"

"ቀን ሙሉ።"

ከሰዓት በኋላ ለዐስር ሶላት ተነሥቶ ሰግዶ ሲመለስ ዓሣው ዝም ብሏል። እሳት አነደዱ፣ ጠበሱት፣ ሁመድ ከቤት ባመጣት ትሪ ላይ እንጀራ ዘርግቶ መሃል ላይ አኖረው። አከርካሪውን ተከትሎ በጣቱ ሁለት ከፈለው። ሚደቅሳ እጁን ታጥቦ ከፊት ለፊቱ፣ በጴጥሮስ ቦታ ሊቀመጥ ሲል ሁመድ ክንዱን ያዘው።

"በዚያ በኩል አይደለም" አለው፤ ጠጋ ብሎም ቦታ ለቀቀለት። "ና፣ በእኔ በኩል ቁረስ።"